ቆመው የከረሙት ጠርሙሶች

ሰኞ፣ መጋቢት 9
ጠርሙሶቹን ማን አቆማቸው ብዬ ጮኼ ነበር። ጓድ ታደሰ ነው ሲሉኝ አፌን ዘጋሁ። ሆቴሉ ከተወረሰ ወዲህ የተሾመብን ሦስተኛው ሥራ አስኪያጅ ነው። እኔ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ቅርንጫፍ ተመድቤ ስቆይ፣ መጋዘኑ ሥርዓት ይያዝ ብሎ እንደ ሰልፈኛ ደርድሯቸዋል። ወይን የሚጋደመው ቡሹ ደርቆ አየር እንዳያስገባ መሆኑን ማን ይንገረው? አሥራ ስምንት ዓመት መጋዘኑን ይዤ ያጋደምኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ የውጭ እንግዶች ይመጣሉ። ከሦስቱ ቀይ ወይኖች አንዱን ኮሚቴ ይመርጣል፤ እኔም አባል ነኝ።

ማክሰኞ
ሁዳዴን መጠጥ ስለማልቀምስ በዓይንና በአፍንጫ ብቻ አየኋቸው።
አሊያቲኮ፦ ጣፋጭ፣ ሽታው ጽጌረዳ። የእኛ ሰው ይወደዋል፤ ከምግብ ጋር ግን ቶሎ ይሰለቻል።
ሜርሎ፦ ለስላሳ። ባለፈው ወር የገባ ስለሆነ መቆሙ አልጎዳውም። እኔ የምመርጠው ይሄን ነው።
ካበርኔ፦ ከወዳጅ አገር የመጣ። ደህናው ምላስ ያዝ ያደርጋል፣ ለጥብስ የሚሆነውም እሱ ነበር። ይሄ ግን ዓመት ሙሉ ቆሞ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። ሽታው አቼቶ አቼቶ ይላል።

ሐሙስ
ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ሁሉም ጠጡ፤ እኔ ብርጭቆውን ከንፈሬ አስነክቼ መለስኩ። ካበርኔው ተበላሽቷል አልኩ።

ጓድ ታደሰ ቀና ብሎ አየኝ። «ቀምሰኸዋል?»

ፆም ነኝ ብል ግምገማ ላይ ይነሳብኛል። ቀምሻለሁ እንዳልል ደግሞ ውሸት ነው። ሒሳብ ሹሙ የአውሮፓ ወይን እንዲህ ጎምዛዛ ነው፣ እኛ ጣፋጭ ለምደን ነው አለ። ሌሎቹም ፊታቸውን እያጨማደዱ ተስማሙ። ካበርኔ ተመረጠ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ እኔም ፈረምኩ። ምን ዓይነት ፈሪ ነኝ!

ቅዳሜ
የእንግዶቹ መሪ አንዴ ፉት ብሎ ብርጭቆውን ወዲያ ገፋ። ውኃ ጠየቀ። ሜርሎውን ላምጣ ስል ጓድ ታደሰ በዓይኑ ከለከለኝ። ከእራት በኋላ ጠራኝና ወይኑ የተበላሸው በአያያዝ ጉድለት ነው፣ ሰኞ የመጋዘኑን ቁልፍ ታስረክባለህ አለኝ። ማን እንዳቆማቸው ልነግረው ነበር። ፊርማዬን አውጥቶ አሳየኝ።

እሑድ
ከቅዳሴ መልስ ለባለቤቴ ለአልማዝ ሁሉንም ነገርኳት። እንጀራችን ሊጓደል ነው ብላ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም።

«ታዲያ የምትደብቀው ከሆነ ለምን ፆምከው?» አለችኝ።

ካፖርቴን ደርቤ በእግሬ ኦሎምፒያ ወዳለው ሆቴላችን ወረድኩ። ዘበኛው ምን ጎደለ ቢለኝ ቁልፍ ረስቼ ነው አልኩት። ይኸው ሌላ ውሸት። መጋዘን ገብቼ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አጋደምኳቸው። ነገ ቁልፉን የሚረከበኝ ሰው ተጋድመው ያግኛቸው። አቼቶ የሆነውንም አጋድሜዋለሁ።