የዘምዘም ሂና

ይድረስ ለልጄ ለዛኪር፤

አላህ ከሰው አገር ብርድም ከሰው ዓይንም ይጠብቅህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ድካሙ ብቻ ነው። ሰልፈኞቹ መንገዱን በጎማና በድንጋይ ስለዘጉት ትናንትም ከሀብታሞቹ ሰፈር ከሪያድ፣ ከምሠራበት ከማዳሜ ቤት፣ እስከ ሰፈራችን ማዮ በእግሬ ገባሁ።

እህትህ ዘምዘም ዘንድሮም ወደቀች። ትምህርት ቤቱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ነው የከረመው። እሱን ግን ሰበብ አላደርግም፤ ሂሳብ ጨርሶ አይገባትም። አንተ ደግሞ በደወልክ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቃት ውጤቷን ነው። ስልኩ ሲጮህ ሽንት ቤት ገብታ እንደምትደበቅ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ ስትዳር እጅና እግሯን በሂና ያስጌጠችው ዘምዘም ናት። አሁን የሰፈሩ ሙሽሮች ከሷ ሌላ አይፈልጉም። በረኪና የበላው የኔ እጅ ላይ እንኳ ሣለችበት። ማዳሜ አይታ፣ «ማሻአላህ! ሰርግ አለባችሁ እንዴ?» ስትለኝ፣ «የለም፣ ልጄ ፈተናዋን አልፋ ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም።

እባክህ ልጄ፣ ጁምዓ ስትደውል ውጤት አትጠይቃት። «የእማን እጅ አሳዪኝ» በላት። አላህ መንገድህን ያቅናልህ።

ሂናው እስከዚያ እንዳይለቅብኝ የማዳሜን ዕቃ በጓንት እያጠብኩ ነው።