ድልድያችንን ለተዋሱን ክቡር አምባሳደር

ለታላቋ ጎረቤታችን ክቡር አምባሳደር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ባለቤትዎም፣ ጦርነቱ ያልደረሰባቸው ልጆችዎም በሙሉ ጤንነት እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በዋናው መንገድ ላይ ከፋርማሲው ጎን ያለሁት ልብስ ሰፊ ነኝ። አገራችን ነጻ በወጣች በዓመቱ፣ የወዳጅነቱን ውል ሲፈርሙ የለበሱትን ሱሪ ያሳጠርኩልዎ እኔ ነበርኩ። እንደሚያውቁት ወንዙ ከተማችንን ለሁለት ይከፍላታል፤ ሱቄ በወዲህኛው ዳር፣ ባለቤቴ በነርስነት ትሠራበት የነበረው ክሊኒክ በወዲያኛው ዳር ነው።

አንደኛ፣ ስለ ትሕትናዎ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ከእኛ ወዲያ ካለው አገር ጋር ጦርነት የገጠመው ኃያሉ መንግሥትዎ፣ እንዲህች ያለችን የትናንት አገር ሳይንቅ፣ ድልድይዋን ለሠራዊቱ ማለፊያ እንድታውሰው ጠየቀ። ታንኮቹ ከጥያቄው ቀድመው ነው የደረሱት የሚሉ ክፉ አፎች አሉ፤ እኔ ግን ሳሎን ከገቡ በኋላ «ልግባ ወይ?» ማለትም ጨዋነት ነው እላለሁ።

ሁለተኛ፣ ክሊኒኩን ስለ ጎበኙበት ቀን። ባለቤቴ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ፊትዎ ቆማ፣ «ጌታዬ፣ ከአልጋ የማይነሱ ሕመምተኞች አሉኝ፤ የሚመጣ ነገር ካለ ዛሬውኑ ይንገሩኝና ላሻግራቸው» አለችዎ። እርስዎም እጇን በሁለት እጅዎ ይዘው፣ «እህቴ፣ እኛ እያለን ማን ይነካችኋል? ጎረቤት አይደለንም ወይ?» አሏት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል እየሰማች ያደገች ናትና አመነችዎ። እራት ላይ «ለማንኛውም ብናሻግራቸውስ?» ብላት፣ «አንተ ደግሞ! ያን የሚያክል ሰው እጄን ይዞ ይዋሻል?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሦስተኛ፣ ሠራዊትዎ ተሸንፎ፣ ይቅርታ፣ በመግለጫዎ እንዳሉት «የይዞታ ማስተካከያ» አድርጎ በድልድዩ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ጠላት እንዳይከተለው ብሎ ድልድዩን ከኋላው አፈነዳው። የተዋሱትን ዕቃ እንዲህ አድርጎ መመለስ በእኛ ዘንድ አልተለመደም ነበር። ማንም አስቀድሞ አልነገረንም። የሱቄ መስታወት ሲረግፍ፣ ወገቡን እየለካሁት የነበረው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ እኔ ሜትሩ አንገቴ ላይ እንዳለ ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ጭሱ ገለል ሲል ባለቤቴን አየኋት። ወዲያ ማዶ ቆማለች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ዓሣ አጥማጁ ጎረቤታችን ጀልባውን አመጣ። እሷ ሕመምተኞቹን በቃሬዛ ወደ ውኃው ዳር ታወርዳለች፣ እሱ ያሻግራል፣ እኔ ተቀብዬ እሸከማለሁ። በተመለሰ ቁጥር «ነይ እንጂ!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ እሷ «አሮጊቷ ይቅደሙ! ልጁ ይቅደም!» ትለኛለች። ሁሉም ተሻገሩ። በመጨረሻ የመድኃኒት ሻንጣዋን አቅፋ ብቻዋን ተሳፈረች። ከኋላ የደረሰው የጠላትዎ ጦር፣ ድልድያችንን እስክናውስዎ ድረስ የእኛ ጠላት ያልነበረው ማለቴ ነው፣ ጀልባዋ ወታደር የጫነች መስላው ተኮሰ። ዓሣ አጥማጁ ዋኝቶ ወጣ። እሷ ዋና አትችልም ነበር። በማግሥቱ ወንዙ ከሚታጠፍበት ቦታ አገኘናት። የጋውኗ አዝራር አንድም አልተበጠሰም። እኔ ነኝ የሰፋኋቸው።

ስለላኩት የአበባ ጉንጉን ከልብ አመሰግናለሁ። ሪባኑ «ለወዳጃችን ሕዝብ» ይላል፤ ስሟን ለመጻፍ ቦታ ሳያጥር አልቀረም። ደግሞም «ሁለቱም ወገኖች ሊቆጠቡ ይገባል» ብለው በሬዲዮ ሲናገሩ ሰምቼ፣ ከሁለቱ ወገኖች እሷ የትኛዋ እንደነበረች እስካሁን አስባለሁ።

ከቀናት በኋላ ሹፌርዎ ለሟቾቹ በሚደረገው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ የሚለብሱትን ጥቁር ኮት ይዞ መጣ፤ ትከሻው ላይ ጠብቦዎታል አሉ። በሩ ላይ የተለጠፈውን ፎቶግራፍ አይቶ ማን እንደሆነች ጠየቀኝና ነገርኩት። ደነገጠ። «እግዜር ያጥናህ ወንድሜ፤ ሌላ ቤት እወስደዋለሁ» ብሎ ኮቱን መልሶ ሊያነሳ ሲል፣ «ተወው» አልኩት። ክፉ ሐሳብ አልመጣብኝም ብዬ አልዋሽዎትም፤ መቀሱም እጄ ላይ ነበር። ግን ባለቤቴ «ሕመምተኛ አይመረጥም» ትል ነበርና፣ ደንበኛም አይመረጥም ብዬ አሰፋሁልዎ። እንባ የነካውን ቦታ ተኩሼዋለሁ፤ አይታይም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ንግግር ሲያደርጉ «መሥዋዕትነት» የምትለዋን ቃል ይለፏት። እሷ ለጦርነትዎ የሰጠችው ምንም ነገር የለም። የሰጠችው ለሕመምተኞቿ ነው።

ለክብርዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለመንግሥትዎ የማይናወጥ ሰላምን፣ ለራሴ ደግሞ ጥቂት እንቅልፍን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ፤

የነርሷ ባል

ማስታወሻ፦ የባለቤቴ እናት፣ ኃያላኑ አዲስ ካርታ ሊስሉ ነው መባሉን ሰምተው፣ በእኔ በኩል ልመና ልከዋል፤ እርሳሱ እጃችሁ ላይ እያለ አገራችንን ከእናንተ ትንሽ ፈቀቅ አድርጋችሁ ብትስሉልን ይላሉ። «ወዴት ትሁን እማማ?» ብላቸው፣ «የትም ትሁን፣ ልጄ፤ ብቻ የሚወደን ጎረቤት የሌለበት» አሉኝ።