አሮጊቷን ወንዝ አክስቴ ያልኳት ዕለት

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይይዝሻል ወይስ አዲሱ ቅባት ትንሽ አስታገሰልሽ? እንቅልፍሽ ደህና ነው? የግራ ዓይንሽ ማንባቱን ተወ? ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋስ ከምራቷ ጋር ታረቀች ወይስ አሁንም በአጥር ላይ ነው የሚነጋገሩት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ከስቷል ብለሽ ደግሞ እንዳትጨነቂ፣ ሱሪዬ ጠቦኛል። ይህን ሁሉማ በስልክ ተጠያይቀናል እንደምትዪ አውቃለሁ። ግን ሰላምታ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር እንዳልሆነ የሚያሳይ ወሬ ይዤልሻለሁ፤ ደስታው በስልክ አልወጣልኝ ስላለ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እማዬ፣ አሸነፍን! ያሸነፍነውም በአንቺ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ደግሜ ልማልልሽ፤ ልጅሽ ጠንቋይ አልሆነም። ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ሥራ ስንጨርስ ላውንደሪው ውስጥ አንሶላ የምናጥፍበትን ረጅም ጠረጴዛ እናጸዳና ጨዋታ እንቀመጣለን። እያንዳንዳችን በምናብ አንድ ሰው እንሆናለን፤ ሂሳብ ሠራተኛችን ደግሞ ተራኪ ናት፣ የሚገጥመንን ሁሉ የምትነግረን እሷ ነች። የሞከርነው ነገር ይሳካ አይሳካ የሚለየው ዳይስ የሚባለውን፣ በየገጹ ቁጥር የተጻፈበትን ባለብዙ ገጽ ጠጠር በመጣል ነው። ልብስ ተኳሿ ባለ ሰይፍ ናት፤ በሥራ ቦታ ጉንዳን የማትረግጥ ሴትዮ እዚያ ስትቀመጥ አንገት ትቀላለች። እኔ ሻማን ነኝ። ሻማን ማለት በሰውና በመናፍስት መካከል ቆሞ የሚያነጋግር ነው። ጨዋታ ነው እማዬ፤ ብስኩታችንን በልተን ወደየቤታችን እንሄዳለን።

በደንቡ ለአንድ ቡድን አንድ ሻማን ይበቃል። እኛ ዘንድ ግን ሦስት ነን፤ ከሦስት የተለያዩ የጨዋታ መጻሕፍት የወጣን ሦስት ግትሮች። የሹፌራችን ሻማን አዛዥ ነው። ከበሮውን ይመታል፣ መንፈሱን በስሙ ይጠራዋል፣ «ና! ሂድ! አቃጥል!» ይለዋል። መብረቅ አለው፣ ጭልፊት ይሆናል፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀንቼበታለሁ። ጉድለቱ አንድ ነው፤ መንፈሱ ከእሱ ከበረታ ትእዛዙ ባዶ ጩኸት ሆኖ ይቀራል። የማሽን መካኒካችን ደግሞ ተደራዳሪ ነው። ለሚጠይቀው ሁሉ ከገዛ ጤናው ቆርሶ ይከፍላል። ቁስል ይፈውሳል፣ የሞተ ሰው ያናግራል፣ ግን ባዳነ ቁጥር ራሱ ይከሳል። በብልሃቱ የእሱን የሚያህል የለም፤ ሳየው ግን ሆዴ ይባባል።

የእኔ ሻማን ደግሞ ከመናፍስት ጋር የሚዛመድ ነው። መብረቅ የለውም፣ ጭልፊት አይሆንም፣ ሰው አይፈውስም። መጽሐፉ የሚሰጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደ ዘመድ የተቀበለው መንፈስ አንዲት ልመናውን አይመልስበትም። እንዴት ዘመድ እንደሚኮን ግን አይናገርም፤ ለተጫዋቹ ትቶታል። ማንም የማይመርጠው ለዚህ ነው። እኔ የመረጥኩት በአንቺ ምክንያት ነው። ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ስለ ጨዋታው መጀመሪያ የነገርኩሽ ቀን «ልጄን ጠንቋይ አደረጉብኝ» ብለሽ አለቀስሽ። አልቅሰሽ ስትጨርሺ ደግሞ በዚያው ቁጣሽ «ለመሆኑ ደህና ዋላችሁ ሳትሏቸው ነው የምታዟቸው? እኔ እንዲህ ነው ያሳደግኩህ?» አልሽኝ። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ሳቅኩ። ከሳቁ በኋላ ግን ነገርሽ ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ ሻማኔ ሰላምተኛ ሆነ። የጨዋታችን መንደር አጠገብ አንዲት ወንዝ አለች፤ ሁላችን አሮጊቷ ነው የምንላት። እሷን በተሻገርን ቁጥር እቆምና «አክስቴ፣ እንዴት ዋሉ? ምንጮቹ ልጆችዎ ደህና ናቸው? ድርቁ ጎዳዎት? ወገብዎትን ያ ድልድይ አሁንም ይጫንዎታል?» እላታለሁ። ተራኪዋም በወንዟ ድምፅ ትመልስልኛለች። የጠረጴዛው ሰው ሁሉ ተሰላቸ። ሹፌሩማ ተራዬ በደረሰ ቁጥር ሻይ ይጥድ ጀመር፤ «የዘመድ ጥየቃው እስኪያልቅ ይፈላል» ይላል። በመጨረሻም ከሳቅ አልፎ ፍርድ መጣ። ይህ ጀብዱ ሲያልቅ መንደሯ ከተረፈች እንቀጥላለን፣ ከሰመጠች ግን የእኔ ሻማን አብሯት ይቀበርና ሁላችንም ከሹፌሩ መጽሐፍ አዲስ ሰው እንወስዳለን ተባለ። አዎ አልኩ፣ ግን ተከፋሁ እማዬ። በዚህ አገር ቋንቋ መጀመሪያ ሳልፈራ የተናገርኩት በዚያ ሰላምተኛ አፍ ነው። ላውንደሪ ውስጥ «እሺ» ከማለት ሌላ ቃል ያልነበረኝ ሰውዬ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ ወንዝ አነጋግራለሁ። እሱ ከሞተ እኔም ወደ «እሺ» የምመለስ መሰለኝ።

ያለፈው ቅዳሜ መጨረሻው ነበር። ከላይ ያለው ግድብ ተሰበረና አሮጊቷ ሞልታ በመንደሯ ላይ መጣች። ባለ ሰይፏ ሰይፏን መዘዘች፤ ውሃ ግን አይቆረጥ። ሹፌሩ ተነስቶ ቆመ፣ ጠረጴዛውን እንደ ከበሮ እየደበደበ «ተመለሺ ብዬ አዝሻለሁ!» አለ፤ ዳይሱም ጥሩ ቁጥር ወጣለት። ተራኪዋ ግን «ከአንተ ትበልጣለች» አለችውና ከበሮውን ውሃው ወሰደው። መካኒኩ ተከተለ። ከጤናው ሰጠ፣ አሮጊቷ ጨምር አለችው፤ ጨመረ፣ አሁንም ጨምር አለችው፤ እንዲህ ሲል ሲል ሻማኑ ወደቀ። ውሃው ደጃፍ ደረሰ። ሁሉም ዞር ብለው እኔን አዩኝ። የዚያን ዕለት ሻይ የጣደ ሰው አልነበረም።

«አክስቴ፣ እንዴት ዋሉ?» አልኩ። «ልጆችዎ ምንጮቹ በደህና ናቸው? ግድቡ ሲሰበር ወገብዎትን አላመመዎትም?» ብዬ ደገምኩላት። ከዚያም «መንደሯን ይለፉልኝ» ብዬ ለመንኳትና ዳይሱን አነሳሁ። ተራኪዋ እጇን በእጄ ላይ ጫነችና «አስቀምጠው፤ ለዘመድ ልመና አይጣልም» አለችኝ። ቀጥሎም በአሮጊቷ ድምፅ «ሁሉ አዘዘኝ፣ ሁሉ ገዛኝ። ልጆቼን መጠየቅ ማን አስተማረህ?» አለች። ለዚህ የሚሆን የሻማን አነጋገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ከአፌ ጠፋ። «እናቴ» አልኩ። አሮጊቷም «እናትህን ሰላም በልልኝ» አለችና ሜዳ ሜዳውን ዞራ ሄደች። አንዲት ጎጆ አልነካችም።

እንዴት እንደጮህን ብትሰሚ! ልብስ ተኳሿ አንሶላ አንስታ እንደ ባንዲራ አውለበለበች። መካኒኩ የዓይን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ሹፌሩ አንገቴን አንቆ አቀፈኝና «ከዛሬ ጀምሮ ሻይ የምጥድልህ እንድትጠጣ ነው» አለኝ። አንድም ቃል ያልነበረኝ እኔ፣ ያን ቀን ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ተናገርኩ። በጣም ኮራሁ እማዬ፤ በራሴም በአንቺም።

በይ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለአባዬ፣ ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ይህን ስታነቢለት ስለ መናፍስቱ ያለውን ዝለዪውና ስለ አንሶላው ብቻ ንገሪው። ለታላቅ እህቴ፣ ምክሯን እየሰማሁ ነው በያት፣ ባታምንም። ለባሏ፣ የላከልኝ ካልሲ አንድ እግር ብቻ መሆኑን ንገሪው። ለትንሿ ልጃቸው፣ ወንዝ የሚያናግር አጎት እንዳላት ለክፍል ጓደኞቿ ታውራ። ልብስ ሰፊዋን ከነምራቷ፣ አብረው ከሆኑ አንድ ላይ፣ ካልሆኑ ለየብቻ ሰላም በይልኝ። አሮጊቷ ወንዝም ሰላም ብላሻለች፤ አደራዋን አድርሻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርሽ። የጉልበትሽን ነገር «ደህና ነው» ብለሽ አትለፊው፤ የትኛው እግር እንደሆነ፣ ሲነጋ ነው ሲመሽ የሚብስብሽ፣ ዘርዝረሽ ጻፊልኝ። ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳይስ ከመነካቱ በፊት ሁሉም ወደ እኔ ዞረው «እናትህ እንዴት ናቸው?» ሊሉኝ ተስማምተዋል፤ ሹፌሩም ዝም ብሎ በቀላል መልስ አይለቀኝም።

የሚወድሽ ልጅሽ

ከላውንደሪው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ ጠዋት፣ ኅዳር 14 ቀን