ላስቲኩ ያልተነሳለት ሪሞት

ውድ ጋሽ ኃይለገብርኤል፣

እንደምን ሰነበቱ? እትዬ አልጋነሽስ ደህና ናቸው? እኔ፣ ረውዳና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የምጽፈውን ነገር በስልክም ልነግርዎ እችል ነበር። ግን በስልክ እርስዎ ሲናገሩ እኔ እሰማለሁ፤ እኔ ስናገር ደግሞ እርስዎ ይናገራሉ። ወረቀት ላይ ይህ ችግር የለም። ስለዚህ ሱቁን ቀደም ብዬ ዘጋሁና የቧንቧ መገጣጠሚያ ካርቶን ላይ ተደግፌ፣ የዕለት ማስታወሻዬን ገለጥ እያደረግሁ ይህን ጻፍኩልዎ። የምታደርስልዎ ሀኒ ናት። እናቷ እዚያው ኮዬ ፈጬ ከእርስዎ ሁለት ሕንጻ አልፎ ስለሆኑ ቅዳሜ ትሄዳለች።

ነገሩ ስለ መኪናዋ ነው።

ሰፈሩ የተነሳ ዕለት ዕቃዎን አይሱዙ ላይ ስንጭን፣ የክለቡን አሮጌ ሪሞት ከኮትዎ ኪስ ከተቱና “ሰፈር ፈርሶ ክለብ አይኖርም። የካዛንቺስ የሪሞት መኪና ክለብ ዛሬ አብሮ ፈርሷል” አሉን። ረዳኢ “ጋሼ፣ እሁድ እሁድ መምጣት ይችላሉ እኮ” ቢልዎ፣ “ለአሻንጉሊት ብዬ ከኮዬ ፈጬ ሦስት ታክሲ አልይዝም” ብለው የጋቢናውን በር ዘጉት። አሻንጉሊት ማለትዎ ቅር አሰኝቶናል። ዕድሜዎን ሙሉ ሰው መንጃ ፈቃድ ሲፈትኑ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ ማግስት ያችን ባጊ የሚሏትን አሮጌ የሪሞት መኪና ከሱቄ ፊት ለፊት አቧራው ላይ ማሽከርከር የጀመሩት እርስዎ ነዎት። እኛ ቆመን ስናይ ቆየንና በሽታው ተጋባብን። እኔ እንኳ በወጣትነቴ የፓርኪንግ ፈተና ላይ እንደጣሉኝ እያስታወስኩ ነው ክለቡ የገባሁት።

እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ከመፍረስ በተረፉት ሱቆች ዙሪያ የቀረነው ብቻ ሆንንና ክለቡ ሦስት ሰው ሆነ። እኔ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ረዳኢና የፀጉር ቤቷ ሀኒ። ብዙም ሳይቆይ አሮጌዋን ባጊ በተዋስነው ሪሞት ስንነዳት ጎማ የሚይዘው የፊት ብራቾዋ ተሰበረና ጎማዋ ተንጠልጥሎ ቀረ። ለእሷ መለዋወጫ መሥራት ካቆሙ ቆይተዋል። ይህን የሰማው ኢያቄም ሱቄ ድረስ መጣ። ያው የኦሎምፒያን ቡድን የሚመራው፣ ካፌ ያለው፣ ቤት ውስጥም የፀሐይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚያደርገው ኢያቄም።

“ሙሔ፣” አለኝ፣ “ሰፈር የላችሁም፣ መኪና የላችሁም፣ ነጂ የላችሁም። በቃ በእኛ ስም ግቡ። ቲሸርትም እንሰጣችኋለን።”

“ቀለሙ ምንድን ነው?”

“ብርቱካናማ።”

“እንመክርበታለን” አልኩት።

ሀኒ ግን ምክር አላስፈለጋትም። “ቤቱ ሄደ፣ ግቢው ሄደ፣ የቡናው ዛፍ ሳይቀር ሄደ። የቀረን ስሙ ነው። እሱን በቲሸርት ልንለውጠው ነው?” አለች። እውነቷን ነው። ያ የውድድር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተጻፈው “ካዛንቺስ” ሁላችንም ተሰብስበን የምንገኝበት የመጨረሻው ቦታ ነው። ደንቡን ደግሞ ያወጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት። በተከታታይ ሁለት ውድድር መጨረስ ያልቻለ ቡድን ስሙ ይሰረዛል። ስለዚህ አዲስ ባጊ ግድ ሆነ፤ መምረጡም እኔ ላይ ወደቀ።

አፈላልገን ሦስት አገኘን። አንዷ በነዳጅ የምትሠራ፣ ድምጿ ሞተር ብስክሌት የሚያስንቅ ነበረች። ረዳኢ እሷን ካየ ጀምሮ ምሳ መብላት ትቶ ነበር። ሁለተኛዋ በባትሪ የምትሠራ፣ በኋላ ጎማ ብቻ የምትገፋ፣ ቀለል ያለች። ሦስተኛዋ የባትሪ ፎር ዊል ናት፤ አራቱም ጎማዋ ይስባል።

“ሙሐሲን መኪና ሲመርጥ በግ የሚገዛ ይመስላል” እያሉ ያሙኝ ነበር አይደል? አዎ፣ ስታዲየም አጠገብ ያለው ሱቅ ገብቼ የሦስቱንም ወገብ ዳብሻለሁ። ሻሲያቸውን ጨብጬ ወደ ላይ አንስቻለሁ። ሻጩ ልጅ ሲያየኝ ቆየና “ፋዘር፣ ጥርሷንም ልክፈትልዎ?” አለኝ።

ነገር ግን ከመዳበስ የሚሻል ዘዴ አለኝ። ሻጭን ስለ ዕቃው ጉድለት ቢጠይቁት ምንም የለውም ይልዎታል። ጉድለቱን አብጠርጥሮ የሚነግርዎ ገዢ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድን ዕቃ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሊገዛው ሳይሆን ሊሸጠው ይውጣ። የሦስቱንም ፎቶ በስልኬ ይዤ ኦሎምፒያ፣ ኢያቄም ካፌ ሄድኩ። “የሚሸጡ ባጊዎች አሉ፣ ትፈልግ እንደሆነ” አልኩት። ውሸት የለበትም፤ ሦስቱም የሚሸጡ ነበሩ።

የነዳጇን አየ። “ኧረ ይቺ ቆንጆ ናት። ሞተር ማለት እንዲህ ነው። ገዢ ይስጥህ።”

ጋሼ፣ በእኛ ሙያ “ገዢ ይስጥህ” ከስድብ ይከፋል። ሰውየው ገዢው እሱ አለመሆኑን እየመረቀ ይነግርዎታል። ነገሩን ኋላ ስጠይቅ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የነዳጅ ሞተር ጉልበቱን ግማሽ መንገድ ላይ ይጥለዋል አሉኝ።

ሁለተኛዋን አየ። “ጥሩ ናት። ቀላል ናት። ለጀማሪ አሪፍ ናት” አለና አስተናጋጁን ጠርቶ ስለ ስኳር ማውራት ጀመረ።

ሦስተኛዋን ሲያይ ወንበሩን አስጠጋ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

“ይቺ? በናትህ ሙሔ። ቀለሟ የዱባ ወጥ አይመስልም? የኋላ ብራቾዋ ቀጭን ነው፤ ባረፈች ቁጥር ይሰበራል። አሞርዛተሯ ዘይት ያስመልሳል። ሞተሯ ይግላል። ይሄ ደግሞ፣ ማለቴ፣ ክንፍ ነው ወይስ የልብስ መስቀያ?”

“እሺ፣ ይቅር” ብዬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

“ቆይ፣ ቆይ። የመጨረሻ ስንት ትላለህ?”

በማግስቱ ሄጄ ገዛኋት። ኢያቄም ያወጣላትን ጉድለት እንደ ነጻ ምርመራ ቆጥሬ፣ ትርፍ የኋላ ብራቾና የአሞርዛተር ዘይት አብሬ ያዝኩ። አባቴ መርካቶ ሲነግድ፣ “ዕቃ የሚያናንቅ ገዢ ነው፤ የሚያመሰግን መንገደኛ ነው” ይል ነበር። ይህን አባባል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

“ሞተሯ ይግላል” ያለውን ግን ችላ አልኩት። ይኸው ጣጣ አመጣ።

መኪናዋ ስትመጣ ላይኛው ሽፋኗ በስስ ላስቲክ ተለብጦ ነበር፤ ሪሞቱም እንደዚያው። ረዳኢ በጥፍሩ ጫፉን ሊያነሳ ሲል ሀኒ እጁን መታችው።

“ምን ልታደርግ ነው? አዲስ ዕቃ እኮ ነው።”

“ላስቲኩ ይነሳል ብዬ ነው።”

“ማን አባቱ ያነሳዋል?”

እኔም ከሀኒ ጋር ቆምኩ። ያውቁኛል፤ የፒክአፔ በር ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተነሳም። ዕቃ ላስቲኩ እስካለ ድረስ አዲስ ነው፤ ብንሸጣትስ? ሀኒ በዚህ አልበቃትም። ከሱቋ ስቲም የምትሠራበትን ላስቲክ ቆብ አምጥታ፣ አቧራ እንዳይገባባት ብላ ከላይ አጠለቀችላት። ጠርዙ ላስቲክ ስላለው ልክክ አለ። ሦስታችንም ወደ ኋላ ብለን አየናትና ደስ አለን። የዚያ ቆብ ሥራ ሙቀት አፍኖ መያዝ እንደሆነ ከሦስት ጎልማሶች አንዳችንም አላሰብንም።

ውድድሩ ከኦሎምፒያ ወረድ ብሎ፣ ግንባታው የቆመበት ግቢ ውስጥ ነበር። ዝላዩን የሠሩት ከእኛ ሰፈር ተጭኖ በመጣ አፈርና ፍርስራሽ ነው። ሀኒ ጎንበስ ብላ አንድ የግድግዳ ስባሪ አነሳች። “ይሄ ሰማያዊ የእማዬ ኩሽና ነው” አለችና መልሳ በቦታው አስቀመጠችው።

ኢያቄም መኪናዋን ሲያያት ቆመ።

“ሙሔ፣ ይቺ ያሳየኸኝ አይደለችም?”

“ናት።”

“ልትሸጥልኝ አልነበር እንዴ?”

“ዋጋ ላይ አልደረስንማ።”

“ራሷ ላይ ያለውስ ምንድን ነው?”

“አቧራ እንዳይነካት ነው” አለች ሀኒ።

“እኔማ ሰርግ ያለባት መስሎኝ።”

ረዳኢ ግድግዳ መግጨት ስለሚወድ ሪሞቱን እኔ ያዝኩ። አነሳሷ ግሩም ነበር። አራቱም ጎማ አቧራውን ቧጦ ሲይዝ ሌሎቹ ኋላ ቀሩ። ለጥቂት ጊዜ የምመራው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ዝላዩ መጣ። ጋሼ፣ እውነቱን ልናገር፣ ዝላይ ሳይ ጣቴ ፍሬን ላይ ይሄዳል። ከላይ የምትወድቀው መኪና ሳትሆን ዕቃ ትመስለኛለች። “ልቀቃት እንጂ” ይላል ረዳኢ፤ እኔ ቀስ አድርጌ አውጥቼ ቀስ አድርጌ አወርዳታለሁ። የሰው መኪና በላዬ እየበረረ ያልፋል። የሪሞቱ ላስቲክም ላብ ሲነካው አውራ ጣቴን ያንሸራትተኛል።

ከትንሽ ዙር በኋላ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። መኪናዋ የሀኒ እናት ኩሽና አናት ላይ ወጣችና ቆመች። ረዳኢ ሮጦ ሲያነሳት ቆቡ ቀልጦ ሽፋኗ ላይ ተጣብቋል፤ ሞተሯ አይነካም።

“ስቲም ተሠርቶላታል፣” አለ ኢያቄም፣ “አሁን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር አስቀምጧት።”

ሰሌዳው ላይ በስማችን አንጻር “አልጨረሰም” ተብሎ ተጻፈ። አንድ ጊዜ ሆነ ማለት ነው። የፊታችን እሁድ ከደገምነው “ካዛንቺስ” ይጠፋል። ብርቱካናማዎቹ ቲሸርቶች መታተማቸውን ሰምቻለሁ፤ የእኔን በትልቁ ቁጥር አሳትሞታል አሉ።

ሰው ሲበተን ቆቡንም ላስቲኩንም ላጥናት። ቀዝቀዝ ስትል ረዳኢ አንድ ዙር ይሞክራት ብለን ሰጠነው። ጋሼ፣ መኪናዋ ሌላ ሆነች። ጥጉን ሳትወላገድ ዞረች፣ ዝላዩን ሳታመነታ በረረች፣ አራቱንም ጎማ እኩል አሳርፋ ሄደች። ከዚያ ረዳኢ እንደ ልማዱ የጎማውን አጥር ገጨው፤ ትርፍ ብራቾው ያን ጊዜ ጠቀመን። ኢያቄም ዳር ቆሞ ሲያይ ነበር። ሲወጣ በአጠገቤ አልፎ፣ “ክንፏ ግን ጠማማ ነው” አለኝ። እኔ የሰማሁት “የመጨረሻ ስንት ትላለህ” የሚለውን ነው።

እንግዲህ መኪናዋ አለች። የጎደለው ሰው ነው። ረዳኢ ይገጫል፣ እኔ ፍሬን እይዛለሁ፣ ሀኒ ሪሞት ስትይዝ ዓይኗን ትጨፍናለች።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ሀኒ የመኪናዋን ፎቶ በቴሌግራም ላከችልዎ። ደወሉልኝ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

“ይሄ ምንድን ነው፣ ዱባ ነው?” አሉ። ኢያቄምም ዱባ ነው ያለው። ቀጠሉና ጎማዋ ለአስፋልት እንጂ ለአቧራ አይደለም አሉ። የፊቷ አሞርዛተር ጠንክሯል አሉ። ክንፏ ወደ ኋላ ተጋድሟል አሉ። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ መጡ። “ፍሬን እንደያዝክ ሰምቻለሁ። ድሮም ፓርኪንግ ላይ የጣልኩህ ለዚህ ነው። አንተ የምትነዳው መኪናውን ሳይሆን ዋጋውን ነው።” እኔ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። ገዢ ሲያናንቅ አይቋረጥም። ሁሉንም ከጨረሱ በኋላ ድምፅዎ ዝቅ አለና፣ “ለመሆኑ ባትሪዋ አንድ ውድድር ሙሉ ትጨርሳለች?” ብለው ጠየቁኝ። መልሱን ሳልሰጥ ስልኩን ዘጉት።

ረውዳ “ጋሼ ምን አሉ?” ስትለኝ፣ “ወደዷት” አልኳት።

ሌላም ምስክር አለኝ። እትዬ አልጋነሽ ለሀኒ እናት፣ “ማታ ዜና ሲያይ አሮጌውን ሪሞት ጭኑ ላይ አድርጎ አውራ ጣቱን ያንቀሳቅሳል። ዜና አንባቢዋን በቀኝ ሊቀድማት የሚታገል ነው የሚመስለው። ሐኪም ላሳየው ይሆን?” ብለዋቸዋል። ሐኪም አያስፈልግም በሉልኝ።

የመጨረሻ ዋጋዬ ይህ ነው። ሦስቱ ታክሲ ቀርቷል። እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ፒክአፔን ከሕንጻዎ ሥር አቁሜ እጠብቅዎታለሁ። አቋቋሜን በመስኮት አይተው እንደማይወዱት አውቃለሁ፤ ወርደው ይንገሩኝ። ባትሪዋ አንድ ውድድር ሙሉ ትጨርሳለች፤ ሁለት ጊዜ ሞክረናል። ጎማዋንም በነገሩኝ መሠረት በባለ ጥርሱ ቀይረነዋል። አሞርዛተሯን ግን አልነካንም፤ ለእርስዎ የሚስማማውን እርስዎ ያውቁታል።

ከመኪናዋ ላይ ላስቲኩ ሁሉ ተነስቷል። የሪሞቱ ብቻ እስካሁን አለ። ትናንት ረዳኢ “በዚህ ላስቲክ ምክንያት ነው ጣትህ የሚንሸራተተው” ብሎ በጥፍሩ ሊጀምረው ሲል፣ በዚህ ጊዜ እጁን የመታሁት እኔ ነኝ። አዲስ ስለሆነ አይደለም። የሚያነሳው የሚነዳት ሰው ስለሆነ ነው።

ፓርኪንግ ላይ የጣሉት፣

ሙሐሲን
ካዛንቺስ