ማህተሙ የዋጠው መስመር

ለምወድሽ እህቴ ለዊንታ፣ ጀርመን

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ቁስልሽስ ጠገገልሽ? ትንሿስ ጡት ትጠባለች? ባለቤትሽ አብኔዘር ገንፎ ማገንፋት ለመደ ወይስ አሁንም ይጓጉልበታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለን የለም።

በስልክ በተገናኘን ቁጥር እማዬ እልልታዋን እያቀለጠች አላስወራ ስላለችኝ፣ የወለድሽ ዕለት እዚህ የሆነውን በጽሑፍ ላጫውትሽ። በልጅነትሽ ትርፍ አንጀትሽን ስትታከሚ ሊገድልሽ የነበረውን ማደንዘዣ ሳናውቅ በቀዶ ጥገና አናዋልድሽም ማለታቸውን፣ እዚያ ያሉት ሐኪሞችሽን ማለቴ ነው፣ እንደሰማሁ ሃያ ሁለት ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ በረርኩ። የያኔው ሐኪምሽ ዶክተር አያሌው የማደንዘዣውን ስም ወዲያው ጻፉልኝ። ሆስፒታልሽ በፋክስ ካልሆነ አልቀበልም ማለቱ አስገርሞኛል፤ እኔ እኮ ፋክስ የቀረ መስሎኝ ነበር! ደግነቱ ጉርድ ሾላ ያለው ቢሮዬ ኮምፒውተሩ ራሱ በብሮድባንድ ፋክስ ይልካል፣ ይቀበላል።

እማዬን ደግሞ ታውቂያታለሽ። ዕድሜዋን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠራች ሴት ማህተም የሌለው ወረቀት መቼ ታምናለች? ተከትላኝ ክሊኒክ ድረስ መጥታ፣ ጸሐፊዋን አስጨንቃ፣ እዚያው ጽሑፉ ላይ ድብን ያለ ማህተም አስመታች። ጉድ ሠራችን! ሐምራዊው ማህተም በፋክስ ሲሄድ ጠቁሮ የመድኃኒቱን ስም ዋጠው። ይህ መስመር አይነበብም የሚል መልስ ኮምፒውተሩ ላይ ሲመጣ፣ አብራኝ ቢሮ የመጣችው እማዬ ፊቷ አመድ መሰለ። ልጄን በገዛ እጄ ብላ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለች። እኔም ልቆጣት አፌን ከፍቼ ሳያት አሳዘነችኝና ተውኩት።

ዶክተር አያሌው ስደውልላቸው ወረፋ የያዙ ታካሚዎቻቸውን ትተው ቢሮዬ ድረስ መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ እንደ አዲስ ጽፈው ፈረሙበት። ማህተሙስ እንዴት ይሁን ብዬ እማዬን በጎን ባያት፣ ላከው ልጄ፣ ማህተሙ ይቅር አለችኝ። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ መሃል ላይ ተቋረጠ፤ እማዬ ቅዱስ ሚካኤልን ስትማጸን ተመለሰና ሄደልን።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጭንቀት አልነግርሽም። የቢሮው ሰው ወጥቶ ሲያልቅ እኛ ከወንበራችን አልተነሣንም። በመጨረሻ አንድ ገጽ መጣ፤ አንዲት ሚጢጢ ጥቁር የእግር አሻራ፣ ከሥሯም በአንቺ የተወላገደ ጽሕፈት እማዬ፣ ሁለታችንም ደህና ነን የሚል። አትሜ ስሰጣት ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። አሁን ሳሎን ተሰቅሏል፤ ለመጣው እንግዳ ሁሉ፣ ማህተም ያለው ወረቀት እዩ ትላለች።

ጎረቤታችን ወይዘሮ አፀደ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለውሻል። ዶክተር አያሌውም ሰላም ይሉሻል። አብኔዘርን እቀፊልኝ፣ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ።

ይህን ደብዳቤ በአብኔዘር መሥሪያ ቤት ፋክስ ልኬልሻለሁ። ከግርጌ ያለው ጥቁር ነገር ቀለም ፈሶበት እንዳይመስልሽ፤ የእማዬ አውራ ጣት ነው፣ ለልጅ ልጇ እግር መልስ። ጽሑፍ እንዳይነካ ባዶ ቦታ ስትፈልግ ብዙ ቆየች።

ወንድምሽ ሃይለኣብ
ጉርድ ሾላ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.