ሐሳብን መታወቂያ መጠየቅ

ኮልፌ፣ ታኅሣሥ 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

ነቀምቴ እንዴት ይዛሃለች? ጤናህስ፣ ልጆቹስ፣ ያ ወገብህስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ምንም አትል። እኔም፣ ሳትስቅብኝ ስማኝና፣ ድኛለሁ፤ እንቅልፍ እንደ ድሮው ይወስደኝ ጀምሯል። ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አላመንኩትም። ጎረቤታችን ገሜዳ ጭነት ይዞ ወደ እናንተ ስለሚወርድ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ፤ አንብበህ ስትጨርስ ቅደደው።

የትንሹ ወንድማችን የወንድይፍራው ጓደኛ ከግንባር ቆስሎ የተመለሰ ጊዜ፣ አስራ ስምንት ማዞሪያ ቡና ቤት ውስጥ የወንድይፍራውን ሞት ለሁለታችን ነገረን። አንተም "ከሠራዊቱ ወረቀት እስኪመጣ እማዬ እንዳትሰማ" ብለህ አፌን ዘጋኸው። ወረቀቱ አልመጣም። አንተ ወደ ሥራህ ሄድክ፣ እኔ ከእሷ ጋር አንድ ገበታ ላይ ቀረሁ። "ከወንድምህ ደብዳቤ የለም?" ትለኝ ነበር፤ "መንገዱ ተዘግቶ ነው" እላት ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ ሳንባ እያስተማርኩ የራሴ ትንፋሽ ቁርጥ ይል ጀመር። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ደግ ሰው ነው፤ መርምሮኝ "ልብህ ደህና ነው፤ የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?" ቢለኝ "የለም" አልኩት። ምን ያድርግ? የእንቅልፍ ክኒን ሰጠኝ።

በመጨረሻ የንስሐ አባታችን አባ ተክለማርያም ያዙኝ። ወሬያቸውም፣ ጠላ ላይ ያላቸው ነገርም ያው እንደምታውቀው ነው። የጥንት የበረሃ አባቶች የነፍስን ሕመም ከሥሩ የሚያክሙት ሐሳብ ላይ እንደነበር ነገሩኝ፤ ወጣቱ መነኩሴ ማታ ማታ ለአረጋዊው የሚናገረው የሠራውን ኃጢአት ብቻ ሳይሆን በልቡ ውልብ ያለውን ሁሉ ነበር አሉ። "አንተም ንገረኝ" አሉኝ። ጉዴን ስማ! የትምህርት ቤቱ የውይይት ክበብ ልማድ ተጣብቶኝ ብድግ ብዬ ቆምኩና "እኔ በንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ ተጠልፌ፣ የሥራ ዲሲፕሊን በማጉደል..." እያልኩ ግለ ሂሴን አወረድኩት። አባ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ቁጭ በል አንተ! ጥፋትህን ማን ጠየቀህ?" አሉኝ። ሐሳብ ደጅ ቢያንኳኳ ኃጢአት አይደለም፤ ችግሩ ሳይጠየቅ ገብቶ አልጋህ ላይ ሲተኛ ነው አሉ። እንደ ቀበሌ ጥበቃ መታወቂያ ልጠይቀው ነው፤ ማነህ? ከየት መጣህ? ማንን ፈልገህ ነው?

የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ በዚህ ነገር እድናለሁ ብዬ አላሰብኩም። ግን ይሠራል ጋሼ! ቀትር ላይ ሁሉን ጥዬ ልጥፋ የሚያሰኘኝን ስልቹነት አባቶች ስም አውጥተውለት ቆይተው አገኘሁት፤ ስሙን ስጠራው ጉልበቱ ይደክማል። በተማሪዎቼ ላይ የምነድበትን ቁጣ ስመረምረው ደግሞ ለወንድይፍራው ያላለቀስኩት ለቅሶ ሆኖ ተገኘ። በአባ ትከሻ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

አንዱ ብቻ አልወጣ አለኝ፦ "እማዬ ከሰማች ትሞታለች" የሚለው። ይህን ስነግራቸው የአባ ሳቅ ጠፋ። "ለእናትህ አዝኜ ነው ብሎ ነው የገባው? መታወቂያውን ደህና አድርገህ እየው" ብቻ አሉኝ። አየሁት። የእኔ ፍርሃት ነው፤ የአንተም። ስታለቅስ ማየት ፈርተን ነው እንጂ እሷማ ባሏን ቀብራ ሦስት ወንድ ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። አባ የእሷም የንስሐ አባት ስለሆኑ ምን እንደምትነግራቸው ልጠይቃቸው ዳዳኝና ተውኩት። ቢገድሏቸውም አይናገሩም።

ስለዚህ በዚህስ አልታዘዝህም። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ማለዳ፣ እንደ ደንቡ፣ አባንና የእድሩን ዳኛ ጋሽ ወዬሳን ይዘን እናረዳታለን። አንተ ቅዳሜ ግባ። ብትቀር ያለ አንተም ይሆናል፤ ግን የቤቱ ትልቅ አንተ ነህና እንድትቀር አልፈልግም።

ትናንት እማዬ ምስር ስትለቅም "ጋሼ ሊመጣ ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ማለዳ እንግዶች አሉን" አልኳት። "ማለዳ?" አለችኝ። "ማለዳ" አልኳት። መልቀሟን ቀጠለች። ቆይታ "እንግዲያው ቅዳሜ ሶፋውንና ጠረጴዛውን አስወጣልኝ፤ ፍራሾቹንም መሬት ላይ አንጥፋቸው፤ ሰው ይበዛል" አለችኝ። ስንት ሰው እንደሚመጣ አልነገርኳትም ነበር። አሁን ሳስበው፣ ከመስቀል ወዲህ ስለ ወንድይፍራው ደብዳቤ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃኝ አታውቅም። ለአንተም መልእክት አላት፤ "ወንድምህ መንገድ ላይ በደንብ በልቶ ይምጣ፤ እዚህ ከደረሰ በኋላ እህል አይወርድለትም" ብላለች።

የእማዬ ምርቃት ከፊት ከኋላህ ሆኖ በሰላም ያድርስህ። ልጆቹን ሳምልኝ።

አሁን የቤቱ መጨረሻ የሆንኩት፣
ታናሽ ወንድምህ