የዘይቷ ቀዳዳ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ
ታኅሣሥ 9 ቀን

ለውድ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትህ? ባለቤትህ ውዴስ እንዴት ናት? ወገቧን የሚያማት ነገር ተሻላት? ልጆቹ አሁን እኔን መንገድ ላይ ቢያገኙኝ የሚለዩኝ አይመስለኝም። ሩዙስ ተወቅቶ ገባ ወይስ ገና ክምር ላይ ነው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከግራ እጄ አንጓ በቀር ደኅና ነኝ። ስድስት ዓመት ያልጠየቅሁህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስደረድረው ደስ እንደማይልህ አውቃለሁ። ቢሆንም ሳልጠይቅህ ወደ ጉዳዬ መግባት አልቻልሁም።

ስልክ ያልደወልሁልህ ቁጥርህ ጠፍቶኝ አይደለም። ብደውል ታነሣልኝ ይሆናል። ነገር ግን በስልክ አንተ ዝም ስትል እኔ ማስተማር እጀምራለሁ። ወረቀት ላይ የጻፍሁትን መልሼ አንብቤ መሰረዝ እችላለሁ። ይህ አራተኛው ግልባጭ ነው።

መጀመሪያ ወሬውን ልንገርህ። ሞተር ሳይክል ሠራሁ፤ በናፍጣ የሚሄድ። ሳቅ ግድ የለም፤ እዚህ ሰፈር ያልሳቀ የለም። ሞተሯን ግን ታውቃታለህ። የእኛው የውኃ ፓምፕ ሞተር ናት፤ «ይኸው ንብረትህ» ብለህ በአይሱዙ ጭነህ የሰደድህልኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጓሮ ከማንጎው ሥር የማዳበሪያ ከረጢት ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ስወጣ ስገባ አያታለሁ፤ አልነካትም።

ሰኔ ላይ ጡረታ ወጣሁ። ጋቢ አለበሱኝ፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፣ አጨበጨቡልኝ። ሐምሌን መጻሕፍቴን በፊደል ተራ ሳስቀምጥ፣ ከዚያ በመጠን፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና በፊደል ተራ ሳስቀምጥ ጨረስሁት። ነሐሴ ሲገባ ብቻውን ለሚኖር ሰው የሚደረደር መጽሐፍ አለቀ። ሰፈሩ ውስጥ ሞተር ሳይክል ያለው ሁሉ ቤንዚን ፍለጋ ሰልፍ ላይ ያድራል። እኔ ያቺን ሞተር አሰብሁ። በሁለት ሊትር ናፍጣ ከጧት እስከ ቀትር ውኃ ስትስብ የነበረችውን። ከረጢቱን አነሣሁላት።

ሻንሲውን ከጎረቤቴ፣ ከአይሱዙ ነጂው ከአብዱልከሪም የብረታ ብረት ክምር ውስጥ አገኘሁት፤ ድሮ የወረዳ ሱፐርቫይዘር ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ይዞርበት የነበረ ሞተር ሳይክል አጽም ነው። ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ ደኅና ነበሩ። ሞተሩ ግን የለም። የሞተሯን የተበላሸ ዕቃ የቀየረልኝም ብየዳውን የሠራልኝም ይትባረክ ነው፤ የዛሬ ሃያ ዓመት አስተምሬው የጣልሁት፣ አሁን የሁለት ልጆች አባትና የራሱ ጋራዥ ባለቤት። አንዱን ብረት ሦስት ጊዜ ስለካው አይቶ፣ «ቲቸር፣ ይህ ብረት ነው እንጂ ፈተና አይደለም፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢጎድል ማንም አይወድቅም» አለኝ። «አንተ የወደቅኸው በግማሽ ነጥብ ነው» አልሁት። የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ «አልረሱትም! ወይኔ፣ እስከ ዛሬ አልረሱትም!» እያለ እስኪደክመው ሳቀ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ወደ ሐይቁ ዳር በሚወስደው የአፈር መንገድ አውጥተን ሞከርናት። ለማስነሻ እጀታዋ የሚመች ቦታ ለማግኘት ብዬ ሞተሯን አዙሬ ነበር ያስቀመጥኋት። ተነሣች። ያ ድምፅ፣ ወንድሜ፣ ያ ዱብ ዱብ የሚለው ድምፅ እንደ ድሮው ነው። ካምቢዮ አስገባሁ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ፤ ወደ ኋላ ሄደች። እንዴት እንደማቆማት ሳስብ ደንገሉ ውስጥ ገባን፣ ውኃው እስከ ጉልበቴ ደረሰ። ዓሣ የሚያጠምዱት ሰዎች ታንኳቸውን አቁመው ይስቃሉ። ይትባረክ ከዳር ሆኖ፣ «ቲቸር፣ መልሱ ልክ ነው፤ አቅጣጫው ግን አልተጻፈም!» እያለ ይጮኻል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ስጮኽበት የነበረውን ቃል ነው የመለሰልኝ። ያችን ግማሽ ነጥብም የቀነስሁበት በዚሁ ነበር። ሞተሯን አዙረን እንደገና በየድናት። አሁን ወደ ፊት ትሄዳለች።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረችኝ። ታስታውሳለህ፣ ለማስነሣት አንድ እጅ እጀታውን ያዞራል፣ ሌላው እጅ ከላይ ያለችውን አንተ «ጆሮዋ» የምትላትን ትንሽ ዘንግ ጨቁኖ ይቆይና ዙሩ ሲፈጥን ይለቃታል። አንተ ሁለቱንም ብቻህን ታደርገው ነበር፣ ያውም እያፏጨህ። እኔ ግን የዛሬ ሁለት ዓመት አንጓዬ ከተሰበረ ወዲህ ጆሮዋን ጨቁኖ የሚይዝ እጅ የለኝም። ስለዚህ በሞከርኋት ቁጥር የአብዱልከሪምን ሚስት ጀሊላን እጠራለሁ። እሷም መቀሷን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከልብስ ስፌቷ ተነሥታ ትመጣለች። «መምህር፣ ሰው በዚህ ዕድሜው ዳዊት ይደግማል፤ እርስዎ የብረት ጆሮ ያስይዙኛል» ትለኛለች። ትይዝልኛለች ግን። አንድም ቀን ቀድማ አልለቀቀችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ባለፈው ሳምንት ጀሊላ ውኃ ልትጠጣ ከቤት ገባች። ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ በሚስማር የመታሁትን አንድ ዘይት የጠጣ ወረቀት አይታ፣ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ሰው የልጁን ፎቶ ይሰቅላል እንጂ ቆሻሻ ይሰቅላል?» አለችኝ። ምንነቱን ነገርኋት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ላንተም ልንገርህ።

በተጣላንበት ዓመት ለፋሲካ ይፋግ መጥቼ ሳለሁ፣ ሞተሯ ዘይት ታንጠባጥባለች አልኸኝ። እኔ ልሠራት ተነሣሁ። የዘይት ፓምፑን ክዳን ስፈታ ጓርኒሲዮኑ፣ በክዳኑና በሞተሯ መካከል የሚገባው ስስ ወረቀት፣ ተቀዶ አገኘነው። ወረታ ሄደን አዲስ እንግዛ አልኸኝ። እኔ «ለዚህ ምን ያስኬዳል» ብዬ ከቦርሳዬ የቆየ ሮስተር አወጣሁና ከሽፋኑ ቆረጥሁ። በማስመሪያ ለክቼ፣ በእርሳስ አስምሬ፣ የብሎኖቹን ስድስት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በሳሁ። አንተ አጠገቤ ቁጢጥ ብለህ፣ «ወንድም ዓለም፣ አሮጌውን ከላዩ ላይ አድርገህ አስተያየው» አልኸኝ። እኔ ምን እንዳልሁህ ታስታውሳለህ? እኔ አስታውሳለሁ። «መለካት አስተምራለሁ እኮ» ነው ያልሁህ። አሮጌውንም እሳት ውስጥ ጣልሁት።

በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁ። በሦስተኛው ቀን ሞተሯ ዘይት እንዳጣ ሞተር ግላ ሽንኩርቱ መካከል ቆመች፤ ሽንኩርቱም ደረቀ። ከዚያ በኋላ እኔም ተጠርቼ ስመጣ፣ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ አማትህ ባሉበት፣ «ዘይቱን ሞልቻለሁ» ብለህ ሦስት ጊዜ ተናገርህ። እኔ ያልሁህን እዚህ ልድገመው፤ ሳልጽፈው ባልፍ ደብዳቤው ጎዶሎ ይሆናል። «እጅህ የነካው ሁሉ ይበላሻል፤ ዘይት እንኳ መሙላት የማትችል ሰው ነህ» አልሁህ። ከዚያ በፊት የአገሩ ፓምፕ ሁሉ ሲበላሽ ወዳንተ ይመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፓምፑን የሚሰጥህ ሰው እንደጠፋ፣ አንተም መፍቻዎችህን ጠቅልለህ ጣሪያ ሥር እንደ ሰቀልሃቸው ሰምቻለሁ። መምህሩ ወንድሙ የመሰከረበትን ሰው ማን ያምናል?

ነሐሴ ላይ ሞተሯን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ዘይቱን ነው። ስድስት ዓመት የተቀመጠ ዘይት፣ ጠቁሮ፣ ልክ እስከ ምልክቱ ድረስ ሞልቷል። አንተ የሞላኸው። ያን ጊዜ መለኪያዋን መዝዤ አንዴ ብቻ ባያት ኖሮ ይበቃኝ ነበር፤ አልመዘዝኋትም። ቀጥሎ ክዳኑን ፈታሁ። ጓርኒሲዮኑ ሳይቀደድ ሙሉውን ወጣ። የራሴ የእጅ ጽሑፍ አለበት፤ «9ኛ ሐ» ይላል። ስድስቱ የብሎን ቀዳዳዎች ጥርት ያሉ ናቸው። ሰባተኛዋ የለችም። ዘይቱ ወደ ላይ የሚያልፍባት፣ ከሽምብራ ፍሬ የማትበልጥ ቀዳዳ። ልትኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ወረቀቱ አብጦ ትንሽ ክብ ሠርቷል፤ ዘይቱ ልለፍ ልለፍ እያለ የገፋበት ነው። መንገዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም።

ጀሊላ ይህን ሰምታ ብርጭቆውን አስቀመጠችና፣ «ወንድምዎ ይህን ያውቃል?» አለችኝ። «አያውቅም» አልኋት። ወረቀቱን በጣቷ ነካ አድርጋ ቀጠለች። «እና አራት ወር ሙሉ ብረት ሲያስበይዱ፣ ደንገል ውስጥ ሲገቡ፣ እኔን ጆሮ ሲያስይዙ የከረሙት አንዲት ደብዳቤ ላለመጻፍ ነው?»

እውነቷን ነው፤ ሞተር ሳይክል መሥራቱ ቀሎኝ ነበር።

ጓርኒሲዮኑን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ያበጠችውን ክብ በቀይ እስክሪብቶ ከብቤባታለሁ። የዚያን ቀን ለነበሩት ሁሉ አሳያቸው፤ ደብዳቤውንም አንብብላቸው። ካላነበብህላቸው እኔ በቃሌ እነግራቸዋለሁ። ይቅር በለኝ። ለሽንኩርቱም፣ ለስድስቱ ዓመትም፣ ከሁሉ በላይ ጣሪያ ሥር ለተሰቀሉት መፍቻዎችህ።

ይህን ከጻፍሁ በኋላ ተነሥቼ ደጅ ወጥቼ ተመለስሁ። ትከሻዬ ቀለለኝ። ነሐሴ ከገባ ወዲህ እንደዚህ ተንፍሼ አላውቅም። አንተ ምንም ባትመልስልኝ እንኳ ይህች ቅለት የእኔ ናት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ደብዳቤውን አብዱልከሪም ነገ ሩዝ ሊጭን ወደናንተ ሲመጣ በእጅህ ያደርስልሃል። የሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ እኔን ከነሞተሬ በአይሱዙው ይጭነኛል። ታርጋ የሌለው ነገር አስፋልት ላይ አላወጣም፤ ይህን ጠባዬን ታውቀዋለህ። ሐሙሲት ላይ ሻይ እንጠጣለን፤ ከዚያ ወደናንተ በሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ሞተሯን አስነሥቶልኝ እሱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል። ከመታጠፊያው እስከ አንተ ደጅ ያለውን የአፈር መንገድ እኔው እነዳታለሁ። ሩቅ ሳለሁ ትሰማታለህ፤ ድምፅዋን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

በሩን ክፈትልኝ አልልህም። ጀሊላ፣ «እሱ ካልወጣስ ምን ያደርጋሉ? ሞተርዎን እንዳያጠፉ፤ እዚያ ጆሮዋን የምይዝልዎ እኔ የለሁም፤ ዞረው ይመለሳሉ» ብላ መክራኛለች። ምክሯን አመስግኛለሁ። እኔ ግን ደጅህ ስደርስ አጠፋታለሁ።

ቤትህን ሰላም ያድርግልህ። የውዴን ወገብ ያጽናላት፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ የዘንድሮውን ሩዝ በረከት ይጨምርበት። እጆችህን ይባርክልህ፤ ሁለቱንም።

ታላቅ ወንድምህ

ዘይቷን እስከ ምልክቱ ሞልቻታለሁ። ቢሆንም አንተ እያት።